ስክሪኑን የጫረው ማን ነው?

"ማን ነው የነካት?!"

መልሱን አልጠበቀም... ጥፊው ቀደመ።

እህቱ ከነወንበሯ ተገለበጠች።

የስፌት መኪናው ጠርዝ ቅንድቧን ገመሰው። ስትሰፋው የነበረው ነጭ ሸሚዝ ላይ ደም ተንጠባጠበ...

እሱ ግን ደሙን አላየም። ዓይኑ ያለው እጁ ላይ ባለችው ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ላይ ነው።

ስክሪኗ እንደገና ተጭሯል!

ልጁ ዘፋኝ ነው። ገና ስሙ አልወጣም እንጂ ድምፁ ልብ ይሰርቃል። ሰፈሩ "ማይኩ" ነው የሚለው።

ማጫወቻዋ ውስጥ ያሉት ማንም ያልሰማቸው የራሱ ዘፈኖች ናቸው።

መጀመሪያ ተጭራ ሲያገኛት የጥርስ ሳሙና በጥጥ ነክቶ፣ እያሸ እያሸ አለሰለሳት።

ቀጥሎ መከላከያ ላስቲክ ለጠፈባት።

ላስቲኩም ተቦጫጨቀ... ከስሩ ስክሪኑም ተጫረ።

ቤት ውስጥ ያሉት እሱ፣ ታላቅ እህቱና አባታቸው ብቻ ናቸው።

አባትየው ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረው ጆሯቸው ድርግም ብሏል። ምንም አይሰሙም። ታዲያ ማጫወቻ ምን ያደርግላቸዋል?

ቀረች እህቱ።

እናታቸው ከሞተች በኋላ አጥባ፣ አብልታ፣ ሌት ተቀን ሰፍታ ያሳደገችው እህቱ... "እታለም" እያለ የሚጠራት።

ዛሬ ግን "እታለም" ማለት የለም።

"አንቺ ነሽ! የጥርስ ሳሙና የነካውን ጥጥ ትራስሽ ስር አግኝቼዋለሁ! ጭረሽ ስታበቂ ወልውለሽ ልትሸውጂኝ?!"

"ወንድሜ፣ ረጋ በል..."

"ነገ ዘፈኔን ሊሰማ የጠራኝ ፕሮዲውሰር ፊት ይቺን ይዤ ልቅረብ?! ማን ነው የነካት?!"

ደሟን በእጇ ጠረገች።

ዝምታዋ ጭራሽ አሳበደው። ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ጭንቅላቷን ከግድግዳው አላተመው። አንዴ... ደገመው...

"እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች። "እኔ ነኝ የጫርኳት! በቃ!"

የፈለገውን መልስ አገኘ። ግን አልበረደለትም... በሙሉ መዳፉ ግራ ጆሮዋን አጮላት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አባትየው ጓሮ ተቀምጠዋል። ጩኸቱ አልደረሳቸውም።

ውሃ ሊጠጡ ሲገቡ ነው ልጃቸውን መሬት ላይ፣ ፊቷ በደም ታጥቦ ያዩት...

ሽማግሌው ተንደረደሩ።

መዶሻ ሲጨብጥ በኖረ እጃቸው የወንድ ልጃቸውን ጉሮሮ አንቀው ከግድግዳው ጋር አጣበቁት።

ያ የሚያምር ድምፅ ሲር ሲር አለ። ፊቱ ጠቆረ። እግሩ ወለሉን መደብደብ ጀመረ።

"አባባ ተው! ይሞትብሃል!"

አይሰሟትም... በደረቷ ተሳባ እግራቸው ላይ ተጠመጠመች።

ልጁ ትንፋሹ ሊቋረጥ ሲል ማጫወቻዋን አባቱ ፊት ከፍ አድርጎ ጭረቱን አሳያቸው። ከዛ በጣቱ እህቱን ጠቆመ።

"እሷ ናት" ማለቱ ነው።

የአባትየው እጅ ላላ።

ማጫወቻዋን ተቀበሉት። ከፈቷት። ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቁት...

ከዛ አፋቸው ውስጥ ከትተው ነከሷት!

ከፊት ጥርሶቻቸው አንዱ ብረት የለበሰ ነው። ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ሲጥ አለ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘፈኑ ማጫወቻዋን ሲያንዘረዝራት ንዝረቱ በጥርሳቸው አድርጎ መንጋጋቸው ውስጥ ይገባል። በጣታቸው ጠረጴዛውን መምታት ጀመሩ... አንድም ምት አልሳቱም።

ያልሰሙትን ዘፈን በቃላቸው ያውቁታል።

"እኔ ነኝ" አሉ፣ የራሱን ድምፅ እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብለው። "ያንተን ዘፈን ለመስማት ነው። እንዲህ ሳደርግ ትንሽ ትንሽ ይደርሰኛል።"

ልጁ ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ።

"እታለም... ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትቆጣዋለህ። እሱም አፍሮ ይተዋታል" አለች ጆሮዋን በሁለት እጇ እንደያዘች። "መጀመሪያ የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ስትመጣ እንዳታይ እወለውላት ነበር... አባባ ሌላ ምን ደስታ አለው?"

በማግስቱ ፕሮዲውሰሩ ማጫወቻዋን ተቀበለው። ዘፈኖቹን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ መለሰለት።

ስክሪኗን ዞር ብሎም አላየው።

በዛው ሰዓት እህቱ ክሊኒክ ነበረች። የጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል። ቁስሉ አመረቀዘ... ግራ ጆሮዋ ከዛ ወዲህ አይሰማም።

አባትየውና እህቱ ልጁን ትተው፣ እቃቸውን ጠቅልለው እሷ ከተከራየችው የልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ወዳለች አንዲት ክፍል ገቡ።

ዘፈኖቹ ወጡ። ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሰርግ ቤቱ ይከፍታቸዋል። ማይኩ ስሙ ተጠራ...

አንድ ቀን ማጫወቻዋን ይዞ መጣ። ላስቲኳን ልጦ ጥሎታል። አባቱ እግር ስር ተንበርክኮ "እንካ፣ ንከሳት፣ እንደፈለግክ ጫራት" በሚል ምልክት ዘረጋላቸው።

ሽማግሌው ተቀብለው ወደ አፋቸው አስጠጓት...

ቆም አሉ።

መልሰው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

"ደም ደም ይለኛል" አሉት።

ወገኖቼ... አብዛኞቻችሁ አሁን "ምስኪን፣ ሳታጠፋ ተመታች" ልትሉ እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔን ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እሷ ብትሆን ኖሮስ? እውነትም የጫረችው እሷ ብትሆን ጥፊው ልክ ይሆን ነበር?

የተጫረ እቃ ይወለወላል፣ ካልሆነም ይቀየራል። የሰው ጆሮ ግን መለዋወጫ የለውም። እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት "ጥፋተኛው ማን ነው?" አትበሉ... "ለዚህ ነገር ሰው ይመታል?" በሉ።

እስኪ ንገሩኝ... እሷን ብትሆኑ፣ ወንድማችሁ ነገ በሩን ሲያንኳኳ ትከፍቱለታላችሁ?