ከረሜላ ፍለጋ

የልብስ ሰፊው ሚስት እጇን እስከ ክርኗ ድረስ የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ከታ ከረሜላ ትፈልጋለች። ባሏ ወደ ጓሮ ወጣ ሲል ጠብቃ ነው መስፊያ ክፍሉ የገባችው። የአዝራሩን ቆርቆሮ ገልብጣ አይታለች፤ የተሰቀሉትን ኮቶች ኪስም፣ የሰው ኪስ ነው ሳትል በርብራለች። ብስኩት የለ፣ ቸኮሌት የለ፣ የለስላሳ ቆርኪ እንኳ የለም። አለመገኘቱ ይብሱን አናዷታል። እንዲህ አድርጎ መደበቅ የሚችል ሰው ሌላም ሌላም ነገር ደብቋት ይሆናላ!

ጠዋት አብረው ክሊኒክ ሄደው ነበር። በኪኒን ይያዛል የተባለለት የባሏ ስኳር እንደገና አሻቅቧል። ነርሷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየች፣ ሳይታወቅ ጣፋጭ ነገር ይወስዱ ይሆን ወይ ስትል የሚስትየው ፊት በርበሬ መሰለ። ለሱ ብላ ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣት የለመደች ሴት ናት። ነርሷ ቀጠለችና፣ እንቅልፍስ እንዴት ነው፣ ድባቴ ነገር ይሰማዎታል ወይ ብላ እሱን ጠየቀችው። ሚስትየው ግን ከአፉ ነጥቃ፣ ምን ጎድሎበት፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናው ላይ ነው የሚውለው አለች። እሱም ዝም አለ።

ያ ዝምታ አልጣማትም። መንገዱን ሁሉ ስትደማምር ነው የመጣችው። ራቱን ነካክቶ የሚነሳው ሌላ ቦታ ጠግቦ ነው። ሌሊት የሚገላበጠው ጥፋቱ እየከነከነው ነው። ጓደኞቹ ሲመጡ የለም በሉ የሚለውም እንዳያጋልጡት ይሆናል።

የጓሮው በር ሲጢጥ ይላል። መውጫ የላትም፤ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ጥግ ገብታ መጋረጃውን ትስባለች። በዚህ ዕድሜ ድብብቆሽ። ይሁን፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ አያምንም።

ልብስ ሰፊው ይገባና ይቀመጣል። እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቃ ታያለች። መሐረብ ነው፤ ፊቱን ጠራርጎ መልሶ ይከተዋል። ቀጥሎ ፔዳሉን ይረግጣል፣ መኪናውም መንጫጫት ይጀምራል። ወጥ ቤት ሆና በሰማችው ቁጥር፣ ተመስገን፣ ሥራ ላይ ነው የምትልለት ድምፅ ነው።

መርፌው ሥር ግን ጨርቅ የለም። ክርም የለውም። ባዶውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ባሏ እጆቹን ጭኑ ላይ ጥሎ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ይረግጣል። አጠገቡ የመምህሩ ሱሪ፣ የዘበኛው ካፖርት፣ ዛሬ ነገ የተባለባቸው ልብሶች ሁሉ እንደተቆረጡ ተከምረዋል። ትንሽ ያርፋል፤ ደግሞ ይረግጣል።

መጋረጃውን ገልጣ ትወጣለች። ቀና ብሎ ያያታል እንጂ አይደነግጥም፤ ደንግጣ የቀረችው እሷ ናት።

«የት ነው የምትደብቀው?» ትለዋለች። ሌላ የምትለው ስለጠፋት ነው።

«ምኑን?»

«ጣፋጩን ነዋ።»

«ከረሜላ ቢያምረኝማ በምን ዕድሌ» ይላል። «የሚያምረኝ ነገር ካጣሁ ቆየሁ። ኪኒኑንም አንዳንድ ቀን እውጠዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ መዳፌ ላይ አድርጌ አየውና፣ ለምን ብዬ እተወዋለሁ።»

«ታዲያ መኪናውን ለምን ታስጮኸዋለህ?»

«ዝም ካለ ትመጫለሽ።»

ለኔ እንዴት አትነግረኝም ብላ ልትቆጣ ትጀምራለች። እሱ ግን ድምፁን ሳያነሳ፣ ጠዋት ለነርሷ ሊናገር አፉን ከፍቶ እንደነበር ይነግራታል። ቁጣዋ እዚያው ይቀራል። ምን ጎድሎበት ያለችው እሷው ናት።

«ማታ ማታ የምትስሚኝም አፌን ለማሽተት እንደሆነ አውቃለሁ» ይላታል።

የምትገባበት ይጠፋታል። እውነቱን ነው፤ ጉንጩን እየሳመች ትንፋሹ ላይ ጣፋጭ ስትፈልግ ከርማለች።

«አልከፋኝም» ይላል፣ መርፌውን እያየ። «ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው መሳምሽን ብቻ ነው።»

ሚስትየው የተከመሩትን ልብሶች በእግሯ ገፋ አድርጋ ትጠጋዋለች። ነገ ነርሷ ጋ ተመልሰው እንደሚሄዱ፣ እሱ ሲናገር እሷ ውጭ እንደምትጠብቅ ትነግረዋለች። ልማድ ሆኖባት እንዳታሸተው ትንፋሿን ትይዝና፣ ጎንበስ ብላ ትስመዋለች።