የሙዙ ፌስታል

«ልጄ፣ ይሄ ኤንኤምአር የምትይው፣ በማግኔት የሚመረምር ማሽን እኛ ጋ የለም። የማስተርስ ርዕስሽን ቀይሪና እንገላገል» አሉ የፈታኞቹ ሰብሳቢ ዶክተር ገብረመድኅን። መነጽራቸውን አውልቀው ፈገግ አሉ። «ደግሞስ ፕላስቲክ ጠጣር ነው። ጠጣር ነገር ውስጥ ምን ይንቀሳቀሳል ብለሽ ነው በማግኔት የምትፈልጊው?» ጎናቸው የተቀመጡት ሁለት መምህራን ሳቁ።

ስላይዶቿን ከፍታ ፊታቸው የቆመችው ተማሪ ናፊያ አልሳቀችም። ጠዋት ለእነሱው መስተንግዶ ከኤረር በር ገበያ የገዛችውን ሙዝ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ከባዶው ፌስታል ጠባብ ቁራጭ ቀደደችና ሁለቱን ጫፎች ይዛ ቀስ ብላ ሳበችው። መሐሉ ቀጠነ፣ ነጣ፣ ረዘመ፤ ግን አልተበጠሰም። «ይኸው፣ አልቀለጠም፤ ጠጣር እንደሆነ ነው» አለች። «ውስጡ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች አሉ፤ ገሚሱ በሥርዓት የተደረደረ፣ ገሚሱ እንደ ክር የተወሳሰበ። አሁን ስስበው ተንሸራተው ተሰለፉ። ሳልስበውም ይንቀሳቀሳሉ፤ እንዴት እንደሆነ የሚያሳየኝ ያ ማሽን ነው። ናሙናዬን ማሽኑ ያለበት አገር እልካለሁ። ካልሆነም ወላሂ፣ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።»

ቁራጩን ሰጠቻቸው። «ይበጥሱት።»

ዶክተሩ ጫፎቹን ጣታቸው ላይ ጠምጥመው ሳቡ። እንደገና ሳቡ። ቁራጩ ጣታቸውን ከረከረው፤ ጣታቸው ደም መሰለ። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

«እምቢ አለኝ» አሉ በመጨረሻ።

«እኔም እምቢ ብያለሁ» አለች ናፊያ። ሙዙን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈች።