አራተኛው ሚስማር

ላራስ የውሃ ኮዳዋን ከእጇ አትለይም። ስትበላ ጭኗ ላይ፣ ስትተኛ ትራሷ ሥር ነው። ጃካርታ ባለው የባድሚንተን ቡድን ማደሪያ የሚኖሩት ሴቶች ሁሉ ይስቁባታል። አብራት የምትጫወተው ኢንቴን ብቻ አትስቅም።

ላራስ የምትፈራውም ኢንቴንን ነው፤ ምክንያት አላት። ከሦስት ዓመት በፊትም ሁለቱ ጥንድ ነበሩ። የኢንቴን የተረከዝ ጅማት ሲታመም ላራስ ራሷ እጇን ይዛ አንድ ክሊኒክ ወሰደቻት፤ ኢንቴንም ቁስል ቶሎ የሚያሽር መድኃኒት ነው ተብላ ተወጋች። በመርፌው ውስጥ የነበረው ለስፖርተኞች የተከለከለ፣ ፔፕታይድ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ላራስ ይህን ስታውቅ ጓደኛዋን አላስጠነቀቀችም፤ ስሟን ደብቃ ለአበረታች ቅመም ተቆጣጣሪዎች ደወለች። ወጣትና ፈጣን ተጣማሪ አግኝታ ነበርና ኢንቴን ከመንገዷ እንድትወጣ ፈልጋለች።

ኢንቴን ሁለት ዓመት ታገደች። ሰፈርተኛው «መርፌዋ» እያለ ይጠራት ጀመር፤ እናቷም ያንን ስም እየሰማች ሞተች። ማን እንደደወለ የነገራት የለም፤ ክሊኒኩን የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ የወጋችውም አልረሳችም።

ዘንድሮ የላራስ ወጣት ተጣማሪ እጇ ተሰበረና አሠልጣኙ ፓክ ሐርጆ ኢንቴንን መለሷት። ላራስ ልትቃወም ፈልጋ ነበር፤ ግን ራኬቷን ይዛ ልምምድ ወረደች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ይህ የመጨረሻዋ የቀጣናው ውድድር ነው። ባንዱንግ ያሉት አባቷ ሦስት የብር ሜዳሊያዎቿን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ለወርቁ ብለው አራተኛ ሚስማር ከመሃል መትተዋል። ሚስማሩ ዝጓል።

ኢንቴን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና መጣች። በየጠዋቱ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ እያነከሰች ትወርድና፣ ከእርድና ከዝንጅብል ያፈላችውን ጃሙ የሚባል መጠጥ በሁለት ኩባያ ትቀዳለች።

«ጠጪ እንጂ እህትዬ፤ ድሮ አንድ ኩባያ አይበቃሽም ነበር።»

«ሆዴን አሞኛል።»

ላራስ ጃሙውን የአበባ ማሰሮ ውስጥ ትደፋዋለች። አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ለሚሠራው ለአክስቷ ልጅ በጠርሙስ ላከችለት፤ አስመርምሮ እርድ፣ ዝንጅብልና ስኳር ብቻ ነው አላት። አልተረጋጋችም። በዚያው ሳምንት የጋራው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከጃሙው ኋላ፣ ጽሑፍ የሌላት ትንሽ ብልቃጥ አየች፤ ተመልሳ ስትመጣ የለችም። ብልቃጧ ለማን እንደተዘጋጀች ላራስ አልጠፋትም። ለፍጻሜው ቀን እያቆየችልኝ ነው አለች በልቧ። ብትናገር ተጣማሪ አልባ ትቀራለች፤ ወርቁም ይቀራል። ስለዚህ ዝም አለችና ኮዳዋን ጠበቀች።

ከውድድሩ በፊት ስለ አበረታች ቅመሞች የምታስተምር ባለሙያ መጣች። ቁስል ያሽራሉ የሚባሉት ፔፕታይዶች ሐኪም ቢያዝም እንደማይፈቀዱ፣ በጥንድ ጨዋታ የአንዷ ጥፋት ለሌላዋም እንደሚተርፍ፣ የሽንት ናሙና ዕቃውን ስፖርተኛዋ ራሷ መምረጥ እንዳለባት፣ ክፍት ኮዳ ጥሎ መሄድ ሞኝነት እንደሆነ ነገረቻቸው። ላራስ የመጨረሻውን ስትሰማ ኮዳዋን ጠበቅ አደረገች። ኢንቴን ሁሉንም በማስታወሻዋ ጻፈች።

ሳምንታት አለፉ። ኢንቴን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች መውረድ ጀመረች። ፓክ ሐርጆ ዕረፍትን የመሰለ መድኃኒት የለም አሉ።

በፍጻሜው ኢንቴን ያልደረሰችበት ኳስ አልነበረም። ላራስ ገና ካልተከፈተ ጠርሙስ በቀር አልጠጣችም። በሦስተኛው ዙር አሸነፉ። ወርቁ አንገቷ ላይ ሲውል ላራስ እንደ ልጅ አለቀሰች፤ ኢንቴን አቀፈቻት።

«ለአባትሽ አድርሺላቸው፤ ብዙ ጠብቀዋል» አለቻት።

ላራስ ያን ጊዜ አፈረች። ይህን ሁሉ ወር የገዛ ጥላዋን ስትሸሽ የኖረች መሰላት።

ለናሙና ሁለቱም ተጠሩ። ላራስ ዕቃውን ራሷ መርጣ ራሷ አሸገች። በቅርብ የወሰዱት መድኃኒት በሚጻፍበት ቅጽ ላይ «ምንም» ብላ ፈረመች። ኢንቴን ግን አቀርቅራ ትጽፋለች።

«የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ?» አለቻት ላራስ እየሳቀች።

«ያኔ ሳልጽፍ ቀርቼ ነው ውሸታም ያሉኝ። ዛሬ አንድም አላስቀረሁም።»

ላራስ የራስ ምታት ኪኒን ይሆናል ብላ አለፈችው።

ከወር በኋላ ላራስ ባንዱንግ ሳለች ደብዳቤ መጣላት። ወርቁ አራተኛው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አባቷም ጎረቤት እየጠሩ ያሳያሉ። ፖስታውን ከፈተችው። የመጀመሪያው ገጽ ናሙናዋ ንጹሕ መሆኑን ይናገራል። እፎይ አለች፤ ኮዳዋንም ክዳኑን ሳትገጥም ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ ሁለተኛው ገጽ አለፈች።

ሁለተኛው ገጽ ስለ ኢንቴን ነበር፤ ናሙናዋ ውስጥ ፔፕታይድ ተገኝቷል፤ በቅጿም ላይ በገዛ እጇ ጽፋዋለች፤ ከግርጌው ሁለቱም ሜዳሊያቸውን እንዲመልሱ ይጠይቃል።