አድራሻቸው "ያልታወቀው" እናት

"ይቺን መዝገብ እንዳታልፊያት! ፈተና ላይ የምትመጣው እንዲህ ያለችው ናት..."

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቀጭን ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

ልጅቷ የፓራሊጋል፣ ማለትም የሕግ ረዳትነት ተማሪ ናት። ለልምምድ ፍርድ ቤት ተመድባ የተዘጉ የፍትሐ ብሔር መዝገቦችን ታነባለች። አንድ ክስ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ መጻፍ አለባት።

ይቺኛዋ ደግሞ ሁሉን ነገር አሟልታለች...

ክሱ "ቤቱ የእኔ ነው፣ ይልቀቁልኝ" ይላል።

መጥሪያ ወጣ።

"ተከሳሿን ብፈልግ ላገኛቸው አልቻልኩም፤ አድራሻቸው አይታወቅም" የሚል ቃለ መሐላ ቀረበ።

ጥሪው በጋዜጣ ወጣ። ማንም አልመጣም።

በሌሉበት ተፈረደባቸው።

"አይ የኔ እናት... የት ጠፍተው ይሆን?" ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

የባለጉዳዮቹን ስም ለመገልበጥ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።



ተከሳሽ... የገዛ እናቷ! ስማቸው ከነአያታቸው።

ከሳሽ... ታላቅ ወንድሟ!

እናቷ እኮ የትም አልጠፉም። ጠዋት ምሳዋን ቋጥረው የሸኟት እሳቸው ናቸው። ክስ ከቀረበባት ከዚያች ቤት ሠላሳ ዓመት ንቅንቅ አላሉም። ወንድሟም ያደገው እዚያው ነው።

ደጅ ወጥታ ደወለችለት።

"እማዬን 'የት እንዳለች አላውቅም' ብለህ ማልክ?"



"ቤቱ የአባታችን ላብ ነው። ስሙ ወደ እኔ ይዙርልኝ አልኩ እንጂ ሜዳ ላይ አልጥላችሁም።"

"እንዴት አስቻለህ? ማን ነው የመከረህ?!"

"አንቺ ነሻ!"

"...ምን?"

"'ተከሳሹ ካልተገኘስ?' ብዬ በስልክ ስጠይቅሽ አንድ በአንድ አስረድተሽኝ የለ? ረሳሽው እንዴ፣ ጠበቃዬ?"



ያኔ ወንድሟ ለትምህርቷ ያሰበላት መስሏት ነበር። "ጎበዝ!" ሲላትማ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

አስተማሪዋ ፊት ሄዳ ተንሰቀሰቀች።

"እንባሽን ጥረጊና አቤቱታ ጻፊ" አሏት። "እናትሽ መጥሪያ ሳይደርሳቸው የተፈረደ ስለሆነ ፍርዱ እንዲነሳ መጠየቅ ይችላሉ። የማመልከቻው ቀን ሳያልፍ ነው ታዲያ!"

በሕይወቷ የጻፈችው የመጀመሪያው አቤቱታ... በወንድሟ ላይ ሆነ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ልጁን ትኩር ብለው አዩት።

"የእናትህን ቤት አታውቀውም?"

አንገቱን ደፋ። 

እናት ሳይጠየቁ ብድግ አሉ።

"እመቤቴ፣ ልጄን በውሸት አይያዙብኝ። ደጄን ከረገጠ ሦስት ዓመቱ ነው... መንገዱ ጠፍቶት ይሆናል።"

ልጁ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ዳኛዋም ለአፍታ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

ፍርዱ ተነሳ። ክርክሩ ግን እንደገና ሊጀመር ነው። እናትና ልጅ ገና ፊት ለፊት ይቆማሉ።

ሲወጡ እናት የሴት ልጃቸውን እጅ ጨበጡ።

"መማርሽ በጀኝ! ለመሆኑ እሱን ይህን ተንኮል ያስተማረው ማን ይሆን? እግዜር ይይለት..."

ልጅቷ የእናቷን ነጠላ አስተካከለችላቸው። 

እስከ ዛሬም አልነገረቻቸውም።

ወዳጆቼ... የእናቱን ደጅ እያወቀ "አላውቅም" ብሎ የማለ ሰው ቤት ቢያገኝ እንኳ እናት ያጣል። እኛም የምናውቀውን ስናካፍል "ለምን ፈለግከው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለወንድምም ቢሆን!

እናንተ በልጅቷ ቦታ ብትሆኑ ለእናትየው ትነግሯቸው ነበር... ወይስ ዋጥ ታደርጉት ነበር? እኔ እውነቴን ነው፣ አላውቅም። እስቲ ኮመንት ላይ አውሩኝ...