የሻርሊን ጣውላዎች

የሆቴሉ ሠራተኛ ኦርቪል ከመኪናው ያወረዱለትን ጣውላ የአንዲት እንግዳ ክፍል መስኮት ላይ ደግፎ መዶሻውን ሊያነሳ ሲል፣ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈውን አየና እጁ ባለበት ቀረ። «ወጥ ቤት» ይላል። የሚስቱ የሻርሊን የእጅ ጽሑፍ ነው። በጃማይካዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ በኔግሪል የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሲያልፍ ሰው ሁሉ የመስኮቱን መሸፈኛ ነቅሎ የሚያስቀምጠው እንዲህ ጽፎበት ነው፤ ለከርሞ የትኛው የየትኛው መስኮት እንደሆነ እንዳይጠፋው።

«ይሄን ከየት ሰረቃችሁት?» አለ። አውሎ ነፋሱ ማታ ይገባል። በረራ ተሰርዞባቸው ሆቴሉ ውስጥ ለቀሩት እንግዶች ጣውላ አልበቃ ብሏል፤ እሱም እዚያው እንዲያድር ታዟል።

«ኧረ ቀስ በል፣ ሌባ አደረግከን እንዴ?» አለ ሹፌሩ ግላንቪል። «ሚስትህ ናት አምጥታ የጫነችልን። ‹እኔ ልጆቹን ይዤ ትምህርት ቤቱ እጠለላለሁ፤ የእኛ ቤት እንደሆነ ተሸፈነም አልተሸፈነም አይተርፍም። ባሌ የሚያድርበት ክፍል ላይ ምቱልኝ› አለች።»

ኦርቪል የሚያድርበትን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ዞር ብሎ አየው። ሰፊው መስኮቱ ራቁቱን ነው።

«ምን ይገትርሃል?» ብሎ አለቃው ከበረንዳው ጮኸ። «እንግዳዋ ፈርታለች!»

ከመስታወቱ ወዲያ ቱሪስቷ በሁለት እጇ ሻንጣዋን አቅፋ ታየዋለች። ኦርቪል ጣውላውን መታው። ለወጥ ቤቱ ልክ የተቆረጠ ነውና ግማሹን መስኮት እንኳ አልሸፈነም።

«ጨምርበታ!» አለ አለቃው።

ኦርቪል ወደ መኪናው ተመለሰ። ቀጣዩ ጣውላ ላይ «የልጆች መኝታ» ይላል።