አድራሻ የተሰፋበት ኮት

ባሌ የሄደበት ሁሉ ልብሱን ረስቶ የሚመጣ ዝርክርክ ነበር። ልብሱ በጠፋ ቁጥር ደግሞ ዱላው እኔ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? በየልብሱ ውስጠኛ በኩል የቤታችንን አድራሻ በቀይ ክር ሰፋሁበትና ከዱላው ትንሽ ተረፍኩ።

ባለፈው ክረምት ሞተ፤ እፎይ አልኩ። የሱን ጨርቅ ማየት አስጠልቶኝ ሹራቡን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወረወርኩት። በማግስቱ አንዲት ተማሪ አጥባና አጣጥፋ ይዛልኝ መጣች። ካፖርቱን አውቶቡስ ውስጥ ትቼው ብወርድ ሹፌሩ ራሱ በሬን አንኳኳ። በአፌ "እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ፤ በሆዴ እራገማለሁ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንድ ሌባ እንኳ ይጥፋ!

በመጨረሻ የተረፈውን ሰብስቤ አቃጠልኩት። የቀረው ለብሶት የተቀበረው ጥቁር ኮት ብቻ ነው፤ እሱስ የትም አይሄድ ብዬ ተውኩት።

ዛሬ ከምሳ በኋላ መኪናዬ ላይ ቀሚስ ስሰፋ በሩ ተንኳኳ። የማላውቀው ጎልማሳ ላቡን እየጠረገ ቆሟል።

"እትዬ፣ አድራሻውን ኮት ገበር ላይ አይቼ ነው የመጣሁት።"

"የምን ኮት? የሱ ልብስ አልቋል አይደል እንዴ!" ብዬ ጮህኩበት። እጁን አየሁት። ባዶ ነው። "የታለ ታዲያ?"

"ኮቱንማ ለብሰውታል" አለኝ ፈገግ ብሎ። "መንገድ ጠፍቷቸው ሲንከራተቱ አግኝቻቸው ነው።"

ከዚያ ወደ ደረጃው ዞሮ "አባባ፣ በርቱ! ደርሰዋል፣ ባለቤትዎም አሉ!" ሲል ተጣራ።

ከታች፣ ሊመታኝ ሲነሳ ሁሌ የሚያስቀድመው ሳል መለሰለት።