የዘንድሮዎቹ አሥር አልበሞች

መነፅር ሠሪው ዓመት ሊያልቅ ሲል ምርጥ አሥር አልበሞቹን ይመርጣል። የሚመርጣቸው ሬዲዮ የማያጫውታቸውን፣ ምድር ቤትና ጋራዥ ውስጥ የተቀዱ የኢንዲና የአልተርኔቲቭ ሥራዎችን ነው። ስለ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋል። ለማንም ከማሳየቱ በፊት ግን በዓመቱ የመጨረሻ እሁድ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ለሚስቱ ያነብላታል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ቆየ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ በሙዚቃ ጉዳይ ምሕረት የላትም።

"ይሄ ዘፋኝ ጥርሱን አሞታል እንዴ?" ትለዋለች። እሱም እየተቆጣ ሦስተኛውን ወደ ሰባተኛ ያወርደዋል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

መጀመሪያ ዝም አለች። አዲስ አልበም ሲከፍትላት "ጥሩ ነው" ብላ ታልፋለች፤ ስድብ የለ፣ ሙገሳ የለ። ከጓዳ ሆኖ ሲጠራት አትመልስም። ያኮረፈች መሰለውና ምን እንዳጠፋ ሲያስብ ከረመ። ምንም አላገኘም። ፊት ለፊት ሲያወራት ደግሞ ዓይኗን ከፊቱ አትነቅልም። እንዲህ አፍጥጣ ያየችው ገና ሲተዋወቁ ነበር። "የሆነ ነገር ቢኖርባት ነው" አለ በሆዱ።

ቀጥሎ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ሱቋን መዝጋት ጀመረች።

"ደንበኛ ቤት ልኬት ልወስድ ነው" አለችው።

ሜትሯ ስፌት መኪናው ላይ ተንጠልጥሏል።

እህቱን አማከራት። እህቱ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት ናት፤ ቢያንስ ራሷ እንዲያ ነው የምትለው።

"እኔም ስደውልላት አታነሳም። መልእክት ብቻ ነው የምትጽፍልኝ" አለችው። "ድምጿን የደበቀች ሴት ሌላም የደበቀችው አላት። ወንድምዓለም፣ ዓይንህን ግለጥ እንጂ!"

"የሰው ዓይን ስገልጥ አይደል የምውለው" አላት። ሁለቱም አልሳቁም።

ረቡዕ ጠዋት መቀስ ሲፈልግ ቦርሳዋን ከፈተ። አራት የታጠፉ ወረቀቶች አገኘ። የራሱ ዝርዝሮች ነበሩ፤ የአምናው፣ የካቻምናው፣ ከዚያ በፊት የነበሩትም፣ በራሱ የእጅ ጽሑፍ። ዳር ዳሩ ላይ ግን የማያውቀው ሰው በቀይ እስክሪብቶ ጽፎበታል። አንዳንዱ ቃል ተከቧል። ከታች እንዲህ ይላል፦ "በጣም ጎበዝ ነሽ! ከእሁድ በፊት እንጨርሳለን።"

ምኑን ነው የሚጨርሱት?

ቅናት ያዘው። ሌላ ወንድ ቢኖራት አንድ ነገር ነው። የሱን ቃላት፣ ለሷ ብሎ የጻፋቸውን፣ ወስዳ ለዚያ ሰው መስጠቷ ግን ምን ይባላል? አብረው እየሳቁበት ይሆናል። ሰውየው ከሱ የተሻለ ሙዚቃ የሚያውቅ ቢሆንስ? እንቅልፍ የነሣው ይህኛው ነው።

ሐሙስ ሱቁን ዘግቶ ተከተላት። ሁለት መንገድ ተሻግራ ዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለው ሕንፃ ገባች። እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው በር ገርበብ ብሏል። እጁን ጨብጦ ጠጋ አለ።

"አራተኛ" ትላለች ሚስቱ ከውስጥ። "ይሄን አልበም ስከፍተው ባለቤቴ ስፌቷን ትታ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሳቋ የዘፈኑ አካል ይመስለኛል።"

የራሱ ቃል ነው። ያምናው አራተኛ።

ሚስቱ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ቆይቶ እንደገና የሷ ድምፅ መጣ፤ "አምስተኛ" አለች። የወንድ ድምፅ ፈጽሞ አይሰማም። እየተንሾካሾከላት ነው ብሎ አሰበ። ጆሮዋ ሥር ሆኖ!

ከዚያ በላይ አልቻለም። በሩን በርግዶ ገባ። በሩ ግድግዳውን መትቶ የበሩ መስተዋት ረገፈ።

ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ አንድ ሽበታም ሰው ወረቀቱን ይዞ ብድግ አለ።

እሷ አልዞረችም። ሰውየው ምንም ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን ቀስ አድርጎ አንቀሳቀሰ፤ እሷም ከንፈሩን ትኩር ብላ እያየች፣ ቃል በቃል፣ እንደ ለመደችው ደገመችለት፦ "ባልሽ... በሩ ላይ... ቆሟል።"